«ያዞረኛል» የሚል ታካሚን መመርመር፦ በአቀማመጥ ለውጥ የሚቀሰቀስ የውስጥ ጆሮ ማዞርና ሕክምናው

አንድ ታካሚ ለሐኪሙ «ያዞረኛል» ሲል በአማርኛ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ማለቱ ሊሆን ይችላል፦ ቤቱ በዙሪያው መሽከርከሩ፣ ራሱን ለመሳት መቃረቡ፣ ሲራመድ መንገዳገዱ፣ ወይም በድካምና በረሃብ አቅም ማጣቱ። የሕክምና ትምህርት ለብዙ ዓመታት ምርመራውን «ማዞር ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» በሚል ጥያቄ እንድንጀምር ያስተምር ነበር። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ስለ ስሜታቸው ዓይነት ተጠይቀው ከደቂቃዎች በኋላ በድጋሚ ከተጠየቁት ታካሚዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሌላ መልስ ሰጥተዋል። ስለ ቆይታ ጊዜውና ስለ ቀስቃሹ የሰጡት መልስ ግን የተሻለ ጽናት ነበረው። አንድ ቃል ለሁሉም በሚያገለግልበት ቋንቋ ይህ ግኝት ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብም «ምን ይሰማዎታል?» ከሚለው ይልቅ «ምን ሲያደርጉ ይጀምርዎታል? ምን ያህልስ ይቆያል?» የሚሉት ጥያቄዎች ወደ ትክክለኛው ምርመራ ያደርሳሉ የሚል ነው።

በአቀማመጥ ለውጥ የሚቀሰቀሰው ማዞር ከአንድ ደቂቃ በታች ይቆያል፤ የሚነሣውም ታካሚው አልጋ ላይ ሲገላበጥ፣ ቀና ብሎ ከመደርደሪያ ዕቃ ሲያወርድ፣ ጫማውን ለማሰር ሲያጎነብስ ወይም ሲሰግድ ነው። ከመኝታ ሲነሡ የሚመጣ ማዞር ብቻውን አይበቃም፤ የደም ግፊት መውረድም በዚያው ቅጽበት ያዞራልና። ተኝቶ እንዳለ ጎን ሲቀይር የሚያዞረው ሰው ግን የደም ግፊቱ የሚወርድበት ምክንያት የለውም። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ አላስፈላጊ የላቦራቶሪ ምርመራ ታስቀራለች።

መንስኤው ከኬሚካዊ መዛባት ይልቅ ሜካኒካዊ ነው። በውስጥ ጆሮ ውስጥ ዩትሪክል በተባለው ክፍል ላይ የሚገኙ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታሎች ይላቀቁና ወደ አንዱ ግማሽ ክብ ቦይ ይገባሉ። ጭንቅላት ሲዞር ክሪስታሎቹ በስበት ኃይል እየተንሸራተቱ ፈሳሹን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንጎልም ያልተፈጸመ መሽከርከር እንደ ተፈጸመ አድርጎ ይቀበላል። ሮበርት ባራኒ ሕመሙን በ1921 ገልጾት ነበር፤ ዲክስና ሃልፓይክ በ1952 መመርመሪያውን አቀረቡ። ጆን ኤፕሊ ክሪስታሎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰውን ዘዴ በ1980 ለሙያ ባልደረቦቹ ቢያሳይም ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ጽሑፉ የታተመው በ1992 ነው። ሰውን በማገላበጥ ብቻ ማዳን ለሐኪሞች ጆሮ የማይታመን ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

በዲክስ–ሃልፓይክ ምርመራ ታካሚው አልጋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ጭንቅላቱ ወደሚመረመረው ጆሮ 45 ዲግሪ ይዞራል፤ ከዚያም ቶሎ በጀርባው ይተኛል፣ ጭንቅላቱም ከአግድም መስመር 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ከትከሻ ሥር የሚደረግ ትራስ ይህን ያቀልላል። ሐኪሙ ዋና ትኩረቱን ማድረግ ያለበት በታካሚው ዓይን ላይ ነው። የኋላው ቦይ ከታመመ፣ ከጥቂት ሰከንዶች ዝምታ በኋላ ዓይን ያለ ፈቃድ ወደ ግንባር እየተወዛወዘና የላይኛው ጫፉ ወደ ታችኛው ጆሮ እየተጠማዘዘ ይመታል፤ እየበረታ ሄዶም ከአንድ ደቂቃ በፊት ይረግባል። ታካሚው ሲቀመጥ አቅጣጫው ይገለበጣል። አብዛኞቹ ሕሙማን የኋላ ቦይ ታማሚዎች ስለሆኑ ይህ እንቅስቃሴ በዐይን ብቻ፣ ያለ ልዩ መነጽር ሊታይ ይችላል። ያለ መዘግየት የሚጀምር፣ የማይረግብ ወይም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብቻ የሚመታ ውዝዋዜ ግን የአንጎልን ችግር ያመለክታልና እዚያው ላይ ማቆም ተገቢ ነው። የአንገት አከርካሪ ጉዳት ያለበትን ሰውም በዚህ ዘዴ መመርመር አይገባም።

ምርመራው በቀኝ በኩል ከተገኘ ሕክምናው ከዚያው አቀማመጥ ይቀጥላል። ጭንቅላት ወደ ግራ 90 ዲግሪ ይዞራል፤ ቀጥሎ ታካሚው በግራ ትከሻው ላይ ተገልብጦ አፍንጫው ወደ ወለሉ እስኪያመለክት ተጨማሪ 90 ዲግሪ ይዞራል፤ በመጨረሻም አገጩን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መቆየት ያስፈልጋል፤ የሚቸኩል ሐኪም ክሪስታሎቹን መንገድ ላይ ይተዋቸዋል። ብዙኃኑ ታካሚዎች በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻላቸዋል። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ማደር ወይም አንገትን ማሰር አያስፈልግም።

እንደ ሲናሪዚን ያሉ መድኃኒቶች ማቅለሽለሽን ቢያስታግሡም አንዲት ክሪስታል ከቦታዋ አያንቀሳቅሱም። በአረጋውያን ላይ ድብታ አምጥተው የመውደቅ አደጋን ይጨምራሉ። የ2017ቱ የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች መመሪያም እነዚህን መድኃኒቶች በዘልማድ ማዘዝንና ምልክቱ ግልጽ ሆኖ ሳለ ወደ ራጅና ኤምአርአይ መላክን አይደግፍም።

ለቀናት ሳያቋርጥ የሚዘልቅ ማዞር ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ነው ወይስ ስትሮክ የሚል ነው። በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጭንቅላትን በድንገት አዙሮ የዓይንን ምላሽ መፈተሽ፣ የውዝዋዜውን አቅጣጫ መለወጥ ማየትና የሁለቱን ዓይኖች ከፍታ ማነጻጸር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኤምአርአይ በላይ ስትሮክን ይለያሉ። እነዚህን ፈተናዎች ሲመጣ በሚሄደው ማዞር ላይ መጠቀም ግን ያሳስታል። ከሰዓታት ማዞር ጋር የጆሮ ጩኸትና የመስማት መቀነስ ከተገኘ የሜኒየር በሽታ ይታሰባል። ጄንታማይሲን ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን የወሰደ ሰው ደግሞ ሁለቱም ጆሮዎቹ ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ታካሚ «ያዞረኛል» ቢልም ቤቱ አይሽከረከርበትም፤ በጨለማ ይንገዳገዳል፣ ሲራመድም ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ይንቀጠቀጥበታል። ለእርሱ የሚጠቅመው የሚዛን ልምምድ ነው።

ሕመሙ ከዳነ በኋላ መመለሱ የተለመደ ነው። በኮሪያ ተካሂዶ በ2020 የታተመ ጥናት፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት የተገኘባቸው ታካሚዎች ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ሲሰጣቸው ድግግሞሹ በ24 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከሁለት ሙከራ በኋላ ያልተሻለው ታካሚ በመጀመሪያ በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ እየዞረ የአግድም ቦይ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ ያም ካልገለጸው ወደ ጆሮ ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም ይላካል።