የላፕቶፕ ባትሪ ቶሎ እንዳያልቅ ምን እናድርግ?

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ እያለ የክበባችን ላፕቶፕ ድርግም ብሎ ጠፋ። ለጠዋት ሰልፍ ያዘጋጀነው ዜናም ሳያልቅ ቀረ። ለምን? የስክሪኑ ብርሃን እስከ መጨረሻው ተጨምሮ ነበር፤ ዘፈንም ከፍተን ነበር።

ባትሪ በብዛት ከሚበሉት ነገሮች አንዱ ስክሪኑ ነው። ብርሃኑ ሲጨምር ፍጆታውም ይጨምራል። የባትሪ አቅም በዋት-ሰዓት ይለካል። እስቲ በምሳሌ እናስላው፦ ባትሪው 40 ዋት-ሰዓት ቢይዝና ላፕቶፑ 10 ዋት ቢጠቀም፣ 40 ÷ 10 = 4 ሰዓት ይቆያል። ብርሃኑን ቀንሰን ፍጆታው 8 ዋት ቢሆን ግን 40 ÷ 8 = 5 ሰዓት! አንድ ሰዓት አተረፍን ማለት ነው።

ስለዚህ፦
1. ዓይናችን ሳይቸገር ማንበብ እስከሚችልበት ድረስ ብርሃኑን እንቀንስ።
2. የማንጠቀምበትን ፕሮግራም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ እንዝጋ።
3. ላፕቶፑን ፀሐይ ላይ አናስቀምጥ፤ ሙቀት ባትሪውን ያስረጀዋል።

እኛ አሁን ብርሃኑን ቀንሰን ነው የምንጽፈው።

ጥያቄ፦ ባትሪው 30 ዋት-ሰዓት ቢይዝ፣ ላፕቶፑም 6 ዋት ቢጠቀም ስንት ሰዓት ይቆያል? መልሱን ይዛችሁ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ኑ!