የማዕበል ሳንቃ እምብርት፦ ፎም እንዴት ይመረጣል?

በሃዋይና በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻዎች ሰዎች በላዩ ቆመው ማዕበል ለማዕበል የሚንሸራተቱበት ሳንቃ ሰርፍቦርድ ይባላል። ይህን ሳንቃ ለሁለት ብንሰነጥቀው፣ አብዛኛው ይዘቱ በጥፍር ሊጫር የሚችል ቀላል ፎም፣ ላዩ ደግሞ በጣም ስስ የሆነ ጠንካራ ልባስ መሆኑን እንመለከታለን። ታዲያ በጥፍር የሚጫር ነገር አንድ ሙሉ ሰው ተሸክሞ በማዕበል ሲመታ እንዴት አይሰበርም? የዚህን ጥያቄ መልስ ካገኘን ሠሪዎች አንዱን ፎም ትተው ሌላውን የሚመርጡበት ምክንያትም ግልጽ ይሆንልናል። ባሕር በሌለው አገር የሚኖር ተማሪም ከዚህ ትምህርት ይጠቀማል። በከተሞቻችን ለመጋዘን ግድግዳና ጣሪያ የሚውለው ሳንድዊች ፓነል የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነውና።

ከእንጨት ወደ ፎም

የጥንት የሃዋይ ነዋሪዎች ሳንቃቸውን ከሚጠርቡባቸው ዛፎች አንዱ ዊሊዊሊ ነበር። ይህ ዛፍ በአገራችን ከምናውቀው ኮርች ጋር አንድ የዕፅዋት ወገን ሲሆን እንጨቱ እጅግ ቀላል ነው። ኋላም ከደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ተፈላጊ ሆነ። በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያዊው ቦብ ሲመንስ የፖሊስታይሪን ፎምን በስስ ኮምፔንሳቶና በፋይበርግላስ ሸፍኖ ሞከረ። በ1958 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ ሆቢ አልተርና ጎርደን ክላርክ የፖሊዩረቴን ፎምን ለዚህ ሥራ አበቁት። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎች በሻጋታ ተነፍቶ የተዘጋጀ ፎም ገዝተው መጥረብ ጀመሩ። ይህ ገና ያልተጠረበ ፎም ብላንክ ይባላል።

የእምብርቱ ተግባር

አንድ ሳንቃ ሲጎብጥ በአንድ በኩል ያለው ልባስ ይሳባል፣ በሌላው በኩል ያለው ይጨመቃል። ስለዚህ መሳቡንና መጨመቁን የሚቋቋሙት ሁለቱ ልባሶች ናቸው። የእምብርቱ ዋና ተግባር ሁለቱን አራርቆ መያዝ ነው። የልባሶቹ ውፍረት ሳይለወጥ በመካከላቸው ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር፣ የሳንቃው ግትርነት አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን በቁጥር እንየው። እያንዳንዳቸው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸውን ሁለት የፋይበርግላስ ልባሶች አጣብቀን እንደ አንድ ቅጠል ብንጠቀምባቸውና፣ እነዚያኑ በ60 ሚሊሜትር አራርቀን በፎም ብናያይዛቸው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 2 700 ጊዜ ያህል ይበልጥ ግትር ይሆናል። የጨመርነው ግን ቀላል ፎም ብቻ ነው።

ይህ ስሌት አንድ ግምት አለው፤ ፎሙ በልባሶቹ መካከል ፈጽሞ አይንሸራተትም ብለናል። የመጽሐፍ ገጾች መጽሐፉ ሲታጠፍ አንዱ በሌላው ላይ እንደሚንሸራተቱ ሁሉ፣ የሳንቃው ንብሮችም በጎበጠ ጊዜ ሊንሸራተቱ ይፈልጋሉ። ይህን የሚያስከትለው ኃይል ሸር ይባላል። እንግዲህ ከፎሙ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው፦ ሸርን መቋቋም፣ በተረከዝ ሲረገጥ አለመሰርጎድ፣ ከልባሱ ጋር ተጣብቆ መቆየት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከፎሙ እፍግታ ጋር አብረው ይጨምራሉ።

ቀላልነት ምን ያህል ይጠቅማል?

ይዘቱ 40 ሊትር የሆነ ሳንቃ እንውሰድ። እምብርቱ በኪዩቢክ ሜትር 150 ኪሎግራም እፍግታ ካለው ባልሳ ቢሠራ 6 ኪሎግራም ይሆናል። 45 ኪሎግራም ከሆነ ፖሊዩረቴን ቢሠራ 1.8 ኪሎግራም፣ 25 ኪሎግራም ከሆነ ፖሊስታይሪን ቢሠራ ደግሞ 1 ኪሎግራም ብቻ ይመዝናል።

ሳንቃው ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ 41 ኪሎግራም የባሕር ውኃ ያፈናቅላል። በሁለቱ ፎሞች መካከል ያለው የ0.8 ኪሎግራም ልዩነት ከዚህ 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለመንሳፈፍ ብዙም አይረዳም። እንዲያውም 65 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው በዚህ ሳንቃ ላይ ያለ እንቅስቃሴ ቢቀመጥ ሳንቃው ከሥሩ ይሰጥማል። ሰውየውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሳንቃው በፍጥነት ሲሄድ ውኃው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ነው። የቀላል ፎም ጥቅም ሳንቃውን በቅጽበት ለማዞርና ለመሸከም በማመቸቱ ላይ ነው። ዋጋው ደግሞ ቶሎ መሰርጎድ ነው።

ፎምና ሬዚን

የፋይበርግላስ ልባስ የብርጭቆ ቃጫና ቃጫውን የሚያጣብቅ ሬዚን ጥምር ነው። ርካሹና የተለመደው ፖሊስተር ሬዚን በውስጡ ስታይሪን የተባለ ፈሳሽ አለው። ፖሊስታይሪን የስታይሪን ሞለኪውሎች ሰንሰለት ስለሆነ በዚህ ፈሳሽ ይሟሟል፤ ሬዚኑ ሲቀባበት ፎሙ ወዲያው ይቀልጣል። ፖሊዩረቴን ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ስለተሳሰሩ አይሟሟም። በመሆኑም ፖሊስታይሪንን የመረጠ ሠሪ ስታይሪን የሌለበትን ኤፖክሲ ሬዚንም መምረጡ ነው። ፎም ብቻውን አይመረጥም የምንለው ስለዚህ ነው።

አጠራረቡም ይለያያል። ፖሊዩረቴን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ለስላሳ እንጨት ይላጋል። ፖሊስታይሪን በጋለ ሽቦ ይቆረጣል። ፖሊዩረቴንን በጋለ ሽቦ መቁረጥ ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይገባም።

ውኃና አየር

የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ስፖንጅ መሰል ውስጥ አለው። ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳልና ታንኳው ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ተራው ፖሊስታይሪን ፎምም ተመሳሳይ ድክመት አለው። እያንዳንዱ እንክብል ዝግ ቢሆንም በእንክብሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ልባሱ ሲሰነጠቅ ውኃ ያስገባል።

በዚሁ ክፍተት ያለው አየርም ችግር ያመጣል። ሳንቃው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ታሽጎ በፀሐይ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ በጋዝ ሕግ መሠረት የውስጡ ግፊት በ333/293 ሬሾ፣ ማለትም በ14 በመቶ ገደማ ያድጋል። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር ልባስ ላይ የ1 400 ኪሎግራም ክብደት ያህል ግፊት ነው። ልባሱ ከፎሙ እንዳይላቀቅ ብዙ ሠሪዎች አየር የሚያስተነፍስ ትንሽ ቀዳዳ ያበጁለታል።

አንድ ምንጭ በደረቀ ጊዜ

ጎርደን ክላርክ ያቋቋመው ክላርክ ፎም የተባለው ድርጅት የአሜሪካን የብላንክ ገበያ አብዛኛውን ድርሻ ይዞ ቆየ። ኅዳር 26 ቀን 1998 ዓ.ም. (ዲሴምበር 5 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.) ግን ድርጅቱ በድንገት ተዘጋ። ባለቤቱ ለደንበኞች በጻፈው ደብዳቤ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የአካባቢና የሥራ ቦታ ደኅንነት ቁጥጥር ይገኝበታል። ፎሙ ይሠራበት የነበረው ቶሉዊን ዳይአይሶሳያኔት የሠራተኛን ሳንባ የሚጎዳና አስም የሚያስከትል ኬሚካል ነው።

በዚያ ሰሞን የብላንክ ዋጋ ናረ፤ ብዙ ሠሪዎችም ሥራ ሊፈቱ ደረሱ። ለአርባ ዓመታት ፖሊዩረቴንን የተጠቀሙት በልማድ ብቻ የሆኑት ሌላ ፎም ሲቀርብላቸው ተቸገሩ። ሬዚኑ፣ መሣሪያውና አሠራሩ ሁሉ አብሮ መለወጥ ነበረበትና። የእምብርቱን ተግባር የሚያውቁት ግን ወደ ፖሊስታይሪንና ኤፖክሲ ለመሻገር ቀለላቸው። ኋላም አዳዲስ የፖሊዩረቴን አምራቾች ስለተነሡ ዛሬ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል።

ለአንባብያን ሙከራ

ቴሌቪዥን ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ሁለት እኩል ርዝመትና ስፋት ያላቸውን ዘንጎች እንቁረጥ፤ የአንዱ ውፍረት 2፣ የሌላው 4 ሴንቲሜትር ይሁን። በሁለቱም ላይና ታች ወፍራም ወረቀት በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፈን አንድ ቀን እናድርቃቸው። ማስቲሽ ፎሙን ስለሚያሟሟ አይሆንም። ዘንጎቹን በሁለት ጡቦች ላይ አጋድመን፣ መካከላቸው ላይ እኩል ክብደት ሰቅለን፣ የረገቡትን መጠን በማስመሪያ እንለካ።

በርቀት ሕጉ መሠረት ወፍራሙ የቀጭኑን አንድ አራተኛ ያህል ብቻ መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ቢረግብ ልዩነቱ ከየት መጣ? ዘንጎቹን አሳጥረን ብንደግመው ልዩነቱ ይሰፋል ወይስ ይጠባል? ሸር ስለተባለው ኃይል ያልነውን መለስ ብሎ ያየ ተማሪ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።