የአሮጌ ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ሲታመም፤ ከጥገና በፊት ቅጂ



የመመረቂያ ጽሑፋችንንና የላቦራቶሪ ውጤታችንን የምናኖረው በሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ የአንድ ዓመት ድካም ግን በገበያ አይገኝም። ስለዚህ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዲስኩን ማንበብ ባቃተው ጊዜ ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረግ በአጭሩ እንመልከት።

አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ክብ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። በኛ ዲስክ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። ጽሑፉን የሚያነበው ራስ ሰሌዳውን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከዚህ ክፍተት እጅግ ትበልጣለችና የዲስኩን ክዳን በቤት ውስጥ መክፈት ፈጽሞ አይገባም።

እንግዲህ ምርመራው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ማዳመጥ። ዲስኩ «ቀጭ፥ ቀጭ» እያለ የሚመላለስ ከሆነ የሚያነበው ራስ ሳይታወክ አልቀረም። ኮምፒዩተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳልና ለባለሙያ ይሰጥ።

2ኛ፤ ድምፁ ደኅና ከሆነ ኬብሉን መመርመር። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅሎ፥ የጎኑን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ፥ የፓወርና የዳታ ኬብሎቹን አውጥቶ መልሶ አጥብቆ መሰካት፤ ካልሆነም በሌላ ኬብል መሞከር ነው። ሞተ የተባለ ዲስክ በአንድ ርካሽ ኬብል የሚነሣበት ጊዜ አለ።

3ኛ፤ ዲስኩ በባዮስ ገጽ ላይ መታየቱን ማረጋገጥ። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ደክማለችና ትለወጥ፤ በርሷ ድካም የዲስኩም ቅንብር ሊጠፋ ይችላል።

4ኛ፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን «ስማርት» የተባለ መዝገብ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ማንበብ። ቁጥር 5 ተበላሽተው የተተኩትን ቦታዎች፥ ቁጥር 197 ለማንበብ ያስቸገሩትን ይነግራል። እነዚህ እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እየደከመ ነው። የጨመረው ቁጥር 199 ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኬብሉ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። «ቼክ ዲስክ» የተባለውን የዊንዶውስ ማረሚያ ቸኩሎ ያስነሣል። ይህ ፕሮግራም የሚያቃናው የፋይሎቹን አመዘጋገብ ነው፤ የደከመውን አካል አይፈውስም፤ እንዲያውም ከዳር እስከ ዳር ሲመረምር ያለችውን ጥቂት ጉልበት ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ቅጂ ይቅደም፤ ማረም ይከተል። ሲቀዳም በመጀመሪያ የራሳችን ጽሑፍ ይውጣ፤ ፊልሙና ዘፈኑ ይቆዩ።

ለጥንቃቄም ያህል ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ አይገፋ፤ የአየር መግቢያው ከአቧራ ይጠረግ። መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላልና በየጊዜው ሴቭ ይደረግ። በዚያው ዲስክ ላይ በሌላ ፎልደር የተቀመጠ ጽሑፍ ቅጂ አይባልም፤ ቅጂ የሚባለው በሌላ ዕቃ ላይ፥ ቢቻልም በሌላ ቤት የተቀመጠው ነው።

የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። እንግዲህ እያንዳንዱ ተማሪ ራሱን ይጠይቅ፤ ዲስኬ ዛሬ ማታ ቢሞት ነገ ጧት የማስረክበው ጽሑፍ የት አለ?