የወባ ወረርሽኝና በክፍል ውስጥ የተቀመጠው የተጎዳ ሕፃን
(በወለጋ ከተሞች ለሚያስተምሩ መምህራን)

እንደሚታወቀው ከነቀምት ደጋ ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር ሸለቆዎች የሚወርድ ሰው የወባ አገር ይገባል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው ከሰፈሩት 600 ሺህ ገደማ ወገኖች ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው ወለጋ ስትሆን፣ ከደጋ የመጡት ብዙዎቹ ይህን በሽታ አያውቁትም ነበር። መፈናቀልም በዚያ አላበቃም፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ነቀምትና ወደ ምሥራቅ ወለጋ ገብተዋል። ወባውም እንደገና አገረሸ። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1157 ሟቾች ተመዝግበዋል፤ ምዕራብ ኦሮሚያም ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነበር።

የወባ ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይኸውም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወቅት መሆኑ ነው። ስለሆነም መምህሩ ከበሽታው፣ ከሐዘኑና ከመፈናቀሉ ጋር የሚገናኘው በመጀመሪያው የስም ጥሪ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው እነዚህን ለይቶ ማወቅ ነው። ወባ ደጋግሞ የያዘው ሕፃን ደሙ ያንሳል፤ ይደክመዋል፣ ያንቀላፋል፣ የተነገረውን ይረሳል። ወላጁን የቀበረ ወይም ከቤቱ በሌሊት የሸሸ ሕፃንም እንዲሁ ያንቀላፋል፣ እንዲሁ ይረሳል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ከዚህም በላይ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። ባለፈው ወር ታሞ የዳነ ልጅ ዛሬ ደግሞ ሲቀር ሰነፍ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መምህሩ ሐኪም አይደለም፤ አስቀድሞ ወደ ጤና ኬላ መላክ ግን ይችላል። ደሙ ተመርምሮ ነጻ የሆነና መፍዘዙ ያልለቀቀው ልጅ ሌላ እንክብካቤ እንደሚሻ ያን ጊዜ ይታወቃል።

የቀረውን ተማሪ ማንበርከክና መግረፍ የቆየ ልማድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርስ? የፈራ ልጅ ተጨማሪ ፍርሃት አያስተምረውም። የሚጠቅመው የማይለዋወጥ ሥርዓት ነው፤ ደወሉ በሰዓቱ ሲደወል፣ መቀመጫው ሳይቀየር ሲቆየው፣ መምህሩ ነገ የሚሠራውን ዛሬ ሲነግረው፣ በተናጋው ኑሮው ውስጥ አንድ የጸና ነገር ያገኛል።

አንዳንድ መምህራን በቅን ልቡና ተነሣሥተው ልጁ የደረሰበትን በጓደኞቹ ፊት እንዲናገር ይጠይቁታል፤ ወይም «ያየሁት መከራ» የሚል ድርሰት ያስጽፉታል። ይህ ሊቀር ይገባዋል። ሰው የደረሰበትን በአንድ ጊዜ እንዲዘረግፍ ማድረግ እንደ ሕክምና እንዳይወሰድ የዓለም የጤና ድርጅትም መክሯል። ልጁ ራሱ ከጀመረ ግን መምህሩ ሥራውን አቁሞ ያዳምጠው፤ አፉ በሚፈታው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ይናገር።

የጤና ሠራተኞች ደም ለመመርመር ወይም ኬሚካል ለመርጨት ሲመጡም ተማሪዎቹ በዋዜማው ሊነገራቸው ይገባል። መሣሪያ በታጠቁ ሰዎች ተከብቦ ለሸሸ ሕፃን፣ ፊቱን የሸፈነና የመርጫ በርሜል በጀርባው ያዘለ ሰው ድንገት ክፍል ቢገባ ምን እንደሚመስለው መገመት አያዳግትም። ከተቻለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀድማ መጥታ መርጫውን ታሳያቸው፤ ደፋር የሆነውም ይንካው። ጣቱን ለመወጋት የሚፈራው ልጅ በመጀመሪያ ተራ አይቁም፤ ጓደኛው አብሮት ይቁም።

ሕክምናው የተጀመረለትን ልጅ መከታተልም ከዚሁ ሥራ ይቆጠራል። ለቫይቫክስ የሚታዘዘው ፕሪማኩይን 14 ቀን የሚወሰድ በመሆኑ፣ ትኩሳቱ ሲለቅ ብዙዎች ያቋርጡታል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር በስም ጥሪው ደብተር ዳር ቀኑን ምልክት አድርጎ፣ «ዛሬ ስንተኛህ ነው?» ብሎ ለብቻው በቀስታ ቢጠይቀው፣ ልጁ መድኃኒቱንም ይጨርሳል፣ የሚያስታውሰው ሰው መኖሩንም ያውቃል።