ዛፉ ከመተኛቱ በፊት

በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት በጓሮው ፖም የተከለ ሰው፣ መስከረም ላይ ቅጠሉ ቢጫ ማለት ሲጀምር እጁ ወደ ማዳበሪያው ከረጢት ይሄዳል። ብርዱ ከባድ ነውና ዛፉ ጠግቦ ይግባ ብሎ ነው። አሳቢነቱ መልካም ሆኖ ሳለ ዛፉን የሚጎዳው እንዴት ነው?

የብርዱ ወቅት ከመድረሱ በፊት ፖም ዕድገቱን ያቆማል። የቀንበጡ ጫፍ በእንቡጥ ይዘጋል፤ ለምለሙ እንጨት ይጠነክራል፤ ያጠራቀመው ስታርች ወደ ስኳር እየተለወጠ ሕዋሶቹን ከውርጭ ይከላከላል። ከቅጠሎቹም ናይትሮጅኑን መልሶ እየሰበሰበ በቅርፊቱና በሥሩ ያከማቻል። ስለዚህ ያ ቢጫነት የረሃብ ምልክት አይደለም፤ ዛፉ ጎተራውን እየሞላ ነው። በዚህ ጊዜ ናይትሮጅን ሲጨመርለት እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። አዲሱ ቀንበጥ ውኃ የተሞላ ለጋ ስለሆነ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርሰው ሌሊት ሲመጣ ይሞታል።

ብርድ ቻይ ዝርያ መትከል ብቻውን ከዚህ አያድንም። ፒተር ጊዲዮን የተባለ ገበሬ ብዙ ዛፍ በብርድ ካለቀበት በኋላ በ1860ዎቹ ዌልዚ የተባለውን ፖም አስገኝቷል፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም በ1991 እ.ኤ.አ. ሃኒክሪስፕን ለአትክልተኞች አቅርቧል። እነዚህም ቢሆኑ ብርዱን የሚችሉት በሰዓቱ እንዲተኙ ከተተዉ ነው።

ታዲያ መቼ ይመገብ? በሚያዝያ፣ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲላላ፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ። ከሰኔ ማብቂያ በኋላ ግን ናይትሮጅን ይቁም። በጸደይ አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሥሩ ብዙ አይስብም፤ የመጀመሪያው ቅጠልና አበባ በአመዛኙ የሚመገበው አምና ከተከማቸው ነው። ዘንድሮ የምትሰጡት ምግብ የከርሞውን አበባ ጭምር ያዘጋጃል ማለት ነው።

በብርድ አገር አፈሩም የሚሠራበት ወራት አጭር ነው። ብስባሹን ወደ ምግብ የሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያን አፈሩ ሲቀዘቅዝ ይዳከማሉ፣ ሲሞቅ ይበረታሉ። በጸደይ የተሰጠ ብስባሽ ምግቡን ቀስ እያለ የሚለቀው ዛፉ በሚያድግበት ወቅት ስለሆነ ይስማማዋል። ከቅርንጫፎቹ ጥላ ሥር ዙሪያውን ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር በደንብ የበሰለ ብስባሽ አልብሱ። በላዩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ ጎዝጉዙ። ፍቅፋቂውን ከአፈር ጋር አትቀላቅሉት፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሻማል። ከግንዱም ስንዝር ያህል ይራቅ፤ የሜዳ አይጥ ከበረዶው ሥር ተደብቃ ቅርፊቱን ትግጣለች።

የምግቡን መጠን ዛፉ ራሱ ይነግራችኋል። ከቅርንጫፉ ጫፍ ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ የአምናው እንቡጥ የነበረበት ቦታ የቀለበት ጠባሳ አለው። ከዚያ እስከ ጫፉ ያለው የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ካደገ ብስባሹ ይበቃዋል። ከዚያ እጅግ ካነሰ፣ ናይትሮጅን ከመጨመራችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ፤ የአሲድነቱ መለኪያ ከ6 እስከ 7 ቢሆን ይመረጣል። ዕድገቱ ግማሽ ሜትር ከደረሰ ግን ምግብ በዝቶበታል፤ ለጋ ቀንበጥ ደግሞ ቅርንጫፉን እንደ እሳት የሚያጠቁረውን የባክቴሪያ በሽታ ይጋብዛል። ለሣሩ የምትበትኑት ማዳበሪያም ሥሩ ጋ እንደሚደርስ አስቡ፤ በተለይ አረም ማጥፊያ የተቀላቀለበትን ከዛፉ አርቁት።

መስከረም ላይ ቅጠሉ ሲደበዝዝ አንድ ነገር ማድረግ ካሰኛችሁ፣ ዝናብ ካጠረ መሬቱ በብርድ እስኪጠጥር ድረስ ውኃ አጠጡት፤ ግንዱን በሽቦ ወንፊት ክበቡ፤ የረገፈውን ቅጠል ጥረጉ። ከረጢቱ እስከ ሚያዝያ ታስሮ ይቆይ።