የጋዝ ቁፋሮና የምንጠጣው ውኃ



ውኃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ ምድር አስገብቶ አለትን በመሰንጠቅ ጋዝ ማውጣት በሌሎች አገሮች ይሠራበታል። ጕድጓዱ በሚገባ ካልታሸገ፣ ተመልሶ የሚወጣውም ፍሳሽ በጥንቃቄ ካልተያዘ፣ የመጠጥ ውኃ ሊበከል ይችላል። ፈረንሳይ ይህን ዘዴ በ2011 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች።

የቁፋሮ ፍሳሽ ጥያቄ በአገራችንም ተነሥቷል። በሶማሌ ክልል በካሉብ ጋዝ መስክ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ሕመማቸውን ከፍሳሹ ጋር አያይዘው በ2020 እ.ኤ.አ. አቤት ብለዋል፤ መንግሥት ግን አስተባብሏል።

እንግዲህ ምን እንበል? «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ያለ ማስረጃ ከመወንጀል ይከለክለናል፤ የታመመውን ዝም ማሰኘትን ግን አይፈቅድልንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክት፣ ከባድና የማይመለስ ጉዳት በሚያሰጋ ጊዜ የማስረዳቱ ሸክም በተጎጂው ላይ ሳይሆን በሥራው ባለቤት ላይ እንዲወድቅ አስተምረዋል።

እኛ የደንዲና የአምቦ ሰዎች ከምድር ጥልቀት የሚፈልቅ ውኃ ተሰጥቶናል፤ ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣውም አዋሽ እስከ አፋር ይጠጣል። ስለዚህ በማናቸውም ሥራ ፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? ውኃውን ማን ይመረምራል? ውጤቱስ ለሕዝቡ ይነገራልን?