ሜጋፒክስል ሲበዛ ካሜራው ይሻላልን? በአነስተኛ ገንዘብ ዲጂታል ካሜራ ለሚመርጡ የፊዚክስ ምክር

በቅርቡ የመመረቂያ ጥናቱን በዕፅዋት ላይ የሚሠራ አንድ ተማሪ ወደ ቢሯችን መጥቶ ነበር። የቅጠልና የአበባ ፎቶግራፎችን በጥናቱ ውስጥ ማካተት ይኖርበታል፤ የእጅ ስልኩ ግን ለዚህ የሚበቃ አይደለም። ለወራት ባጠራቀማት ገንዘብ ከሁለት ካሜራዎች አንዱን ለመግዛት አስቧል። አንደኛው አዲስ፣ የአምራቹ ስም ብዙም የማይታወቅ፣ በማሸጊያው ላይ «48 ሜጋፒክስል» የሚል ጽሑፍ በጉልህ የታተመበት ነው። ሁለተኛው ከታወቀ አምራች የወጣ፣ ያገለገለ፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። «አራት እጥፍ የሚበልጠውን ትቼ አሮጌውን ብገዛ ሞኝነት አይሆንብኝም?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙዎች በመሆኑ መልሱን ከመሠረታዊ የፊዚክስ ሕግጋት እየተነሣን በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት እንሞክራለን።

ካሜራ ብርሃን ቆጣሪ ነው

አልበርት አይንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ብርሃን ጉልበቱን ለቁስ የሚያስተላልፈው ፎቶን በሚባሉ ነጠላ እሽጎች ነው። በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ሌንሱ የሰበሰበው ብርሃን ሴንሰር በሚባል የሲሊከን ንጣፍ ላይ ያርፋል። ንጣፉ ፒክስል በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ያረፉ ፎቶኖች ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃሉ። ካሜራው የእነዚህን ኤሌክትሮኖች ብዛት ለክቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። አንድ ሚሊዮን ፒክስል አንድ ሜጋፒክስል ይባላል።

በዚህ መንገድ ምስልን ለመያዝ መሠረት የጣለውን ሲሲዲ የተባለ መሣሪያ በ1969 እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሆኑ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። በ1975 እ.ኤ.አ. በኮዳክ ኩባንያ መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሶን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ፒክስሎቹ 10 ሺህ ብቻ ነበሩ።

ስንት ሜጋፒክስል ይበቃል?

ጥራት ያለው ኅትመት በአንድ ሴንቲ ሜትር ርዝመት 118 ያህል ነጥቦችን ይፈልጋል። ስለዚህ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የተለመደ ፎቶግራፍ 1180 በ1770፣ ማለትም 2.1 ሜጋፒክስል ያህል በቂ ነው። ሙሉ የኤ4 ገጽ የሚሞላ ምስል ደግሞ 8.7 ሜጋፒክስል ያህል ይጠይቃል። የተማሪያችን ፎቶግራፎች ከግማሽ ገጽ የሚበልጡ አይደሉም፤ እንግዲያው 12 ሜጋፒክስል ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ትርፉ ቢጎዳስ?

«ትርፍ ቢኖር ምን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በክረምት ዝናብ ሲዘንብ በአንድ ግቢ ውስጥ 12 ሰፋፊ ጣሳዎችን ብንደረድር፣ ወይም በዚያው ቦታ 48 ጠባብ ጣሳዎችን ብንደረድር የምናጠራቅመው ውኃ አንድ ነው። የሚለየው በእያንዳንዱ ጣሳ ውስጥ የሚገኘው መጠን ነው። በርካሽ ካሜራዎች ዘንድ የተለመደው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በዚህ ላይ 12 ሚሊዮን ፒክስሎች ቢደረደሩ የእያንዳንዱ ጎን 1.5 ማይክሮ ሜትር ያህል ይሆናል። ፒክስሎቹ 48 ሚሊዮን ቢሆኑ ግን ጎኑ በግማሽ፣ የሚቀበለው ብርሃንም በአራት እጅ ይቀንሳል።

ፎቶኖች እንደ ዝናብ ጠብታ በዘፈቀደ ስለሚመጡ ቁጥራቸው ይዋዥቃል። የመዋዠቁ መጠን የብዛታቸው ስኩዌር ሩት ነው። አንድ ፒክስል በአማካይ 4000 ፎቶኖችን ቢቆጥር መዋዠቁ 63፣ ማለትም 1.6 በመቶ ያህል ነው። 1000 ብቻ ቢቆጥር መዋዠቁ 32፣ ማለትም 3.2 በመቶ ይሆናል። በጨለማ ቤት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው ነገር በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። እርግጥ አራት ጥቃቅን ፒክስሎችን ደምሮ እንደ አንድ መቁጠር ይቻላል፤ በርካታ ዘመናዊ ስልኮችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ነገር ግን ያን ጊዜ የተመለስነው ወደ 12 ሜጋፒክስል ነው። የምስሉን ንጽሕና የሚወስነው ዋናው ነገር የሴንሰሩ ጠቅላላ ስፋት እንጂ የክፍልፋዮቹ ብዛት አይደለም።

ሁለተኛው ገደብ የብርሃን ሞገድነት ነው። ፍጹም የሆነ ሌንስ እንኳ አንዲትን ነጥብ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ አድርጎ ይሥላታል። የክቡ ዲያሜትር 2.44 ሲባዛ በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት፣ ሲባዛ በሌንሱ የቀዳዳ ቁጥር ነው። ለአረንጓዴ ብርሃን 0.55 ማይክሮ ሜትር፣ ለቀዳዳው ቁጥር 3.5 ብንወስድ ውጤቱ 4.7 ማይክሮ ሜትር ነው። ይህች ክብ በ12 ሜጋፒክስሉ ሴንሰር ላይ ሦስት ያህል ፒክስሎችን በወርድ ትሸፍናለች፤ በ48 ሜጋፒክስሉ ላይ ስድስት። በሁለተኛው ላይ የምናገኘው አንዱኑ ብዥታ ይበልጥ አጥብበን መቁረጥ ነው እንጂ አዲስ ዝርዝር አይደለም።

ከዚህም የከፋ አለ። ስማቸው በማይታወቅ ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር በሴንሰሩ የተለካ ሳይሆን በፕሮግራም የተሞላ ነው። አንድ ተማሪ የአየሩን ሙቀት በ2 ሰዓትና በ4 ሰዓት ለክቶ፣ የ3 ሰዓቱን አማካይ ወስዶ ቢጽፍ ሦስት ልኬት አለኝ ሊል አይችልም። እነዚህ ካሜራዎች የሚሉት ግን ይህንኑ ነው።

በሌንሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ከማሸጊያው ይልቅ የሌንሱ ዙሪያ ይነበብ። ለምሳሌ «5.8–23.2 ሚሜ 1:2.6–5.5» የሚል ጽሑፍ ብናገኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የትኩረት ርቀቱን ዳርቻዎች ያመለክታሉ። 23.2 ሲካፈል ለ5.8 አራት ስለሆነ ሌንሱ በእውነት አራት እጥፍ ያቀርባል። 2.6 እና 5.5 የቀዳዳ ቁጥሮች ሲሆኑ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል። በሌንሱ ላይ አንድ የትኩረት ርቀት ብቻ ተጽፎ በማሸጊያው ላይ «16 እጥፍ ያቀርባል» ከተባለ፣ የተባለው ዲጂታል ዙም ነው። ይህም የምስሉን መሐል ቆርጦ ማስፋት ማለት ነው። ሁለት እጥፍ ብቻ ቢያቀርብ እንኳ ከ12 ሜጋፒክስል የሚቀረው 3 ነው።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ

ያገለገለ ዕቃ የራሱ አደጋ አለው። ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚከተሉትን መፈተሽ ይገባል።

አንደኛ፣ ሌንሱን በጨርቅ ሸፍኖ አንድ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ በጥቁሩ ላይ ደማቅ ነጥቦች ከታዩ የተበላሹ ፒክስሎች አሉ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ነጭ ግድግዳ ማንሣት፤ ቦታቸውን የማይለውጡ ጥላዎች በሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራን ያሳያሉ።

ሦስተኛ፣ የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፎ በቀጥታ ከፊት ለፊት ማንሣትና ምስሉን አስፍቶ ማየት፤ አራቱም ማዕዘናት በእኩል ደረጃ ሊነበቡ ይገባል። አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ተዛብቷል።

አራተኛ፣ የማስታወሻ ካርዱን ዓይነት ማረጋገጥ። ኤስዲ ካርድ የሚቀበል ይመረጣል። ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የወጡ ካሜራዎች በአብዛኛው ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ አያነቡም።

አምስተኛ፣ ባትሪውን ማየት። የራሱ ልዩ ባትሪ ያለው ከሆነ ቻርጀሩ አብሮ መኖር አለበት። እንደ ግድግዳ ሰዓት በተራ የብዕር ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ለመስክ ሥራ ያመቻል፤ ሆኖም ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ስለሚያልቅ በሚሞላው ዓይነት መጠቀሙ ያዋጣል።

የካርዱንና የባትሪውን ወጪ አስቀድሞ ከበጀቱ ላይ መቀነስ ይገባል።

ማጠቃለያ

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ጥሩ ስልክ በእጁ ያለ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የጋዜጣውን ፈተና በስልኩ ላይ ይሞክር፤ ምናልባት ካሜራ አያስፈልገው ይሆናል። በጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር መዝገብ መሠረት በ2010 እ.ኤ.አ. ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ለገበያ ቀርበው ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የቀረቡት ከ8 ሚሊዮን ያነሱ ናቸው። ልዩነቱን የወሰዱት በዋናነት ስልኮች ናቸው።

ተማሪያችን በማግሥቱ አንድ ጋዜጣ ይዞ ወደ ሱቆቹ ሄደ። በባለ 48ቱ ያነሣው ገጽ ሲሰፋ ፊደላቱ በውኃ እንደ ራሰ ቀለም ተስፋፍተው «ሀ»ን ከ«ሁ» መለየት አልተቻለም። በባለ 12ቱ ያነሣው እስከ ማዕዘኑ ድረስ ተነበበ። የገዛውም እርሱን ነው። አንባብያንም ማናቸውንም ዕቃ ሲመርጡ በማሸጊያው ላይ የሰፈረው ቁጥር ምንን እንደሚለካ አስቀድመው እንዲጠይቁ እንመክራለን።